ባልና ሚስት ሽርሽር ሲያስቡ

በአውሮፓ የሚኖር አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ዓርብ ማታ መዝገቡን ዘግቶ ሲወጣ ከሚስቱ ጋር አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዞ ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ይሄዳል። ቅዳሜን ሊዝቦን ወይም ፕራግ ውሎ፣ እሑድ ማታ ቤቱ ገብቶ፣ ሰኞ ጧት ወንበሩ ላይ ይገኛል። ይህን ለማድረግ ባለጠጋ መሆን አያስፈልገውም። ርካሽ አየር መንገዶች አሉለት፤ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲያልፍም ቪዛ የሚጠይቀው የለም። ከእኛ ወጣቶች ብዙዎቹ ይህን በስልካቸው እያዩ «እኛስ መቼ ይሆን?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ በዛሬው ገጻችን ልንመልሰው እንሞክር።

መጀመሪያ የአውሮፓውን ሒሳብ እንጨርስ። የሸንገን አገሮች የቪዛ ማመልከቻ ዋጋ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በጁን 2024 ለአንድ አዋቂ ሰው 90 ዩሮ ሆነ። ለባልና ለሚስት 180 ዩሮ ይመጣል፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። በዚህ ላይ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤና የሆቴል ማረጋገጫ ይፈለጋል። በዚያው ዓመት በአፕሪል ወር ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት የኢትዮጵያውያንን ማመልከቻ ለመመርመር የተመደበውን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አሳደገው። ለሁለት ቀን ሽርሽር አንድ ወር ተኩል ደጅ መጥናት ማለት ነው! በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ፣ ደመወዙ በብር የሆነ ሰው የዩሮውን ዋጋ ተቀምጦ ቢሰማ ይሻለዋል።

ይህን የምለው የማንንም ምኞት ለማጥፋት አይደለም። ተማሪው በትምህርት ዕድል፣ ሠራተኛውም በመሥሪያ ቤቱ መልእክት አንድ ቀን ይሄድ ይሆናል፤ ያድርግለት። የሚያሳዝነኝ ግን ሮማን ሲጠብቁ ባቱን ሳያዩ ልጅ የወለዱ ባልና ሚስት መብዛታቸው ነው። ልጅ ከመጣ በኋላ ሁለት ብቻ ሆኖ መውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ የወለደ ያውቀዋል።

ለምሳሌ ያህል በአዳማ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት እናስብ። ባል በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ጀማሪ መዝገብ ያዥ ነው። ሚስት ደግሞ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በተመረቀው በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ፣ በአንድ የልብስ ፋብሪካ፣ ተሰፍቶ ያለቀውን ልብስ እየመረመረች ቆማ ትውላለች። እርሱ ቅዳሜ ቤት ሲውል እርስዋ ሥራ ላይ ናት። እሑድ ሁለቱም ያርፋሉ ቢባልም፣ ጧት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ልብስ ማጠብ፣ ከሰዓት በኋላም ለቅሶ ወይም ዕድር አለ። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ አንድ ሙሉ ቀን አብረው ሳይውሉ ወሩ ያልቃል። እንግዲህ ለእነዚህ ሰዎች ከከተማው በፊት ቀኑን መፈለግ ይገባል።

ቀኑ ደግሞ በሕግ ተሰጥቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛው በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት ይፈቅድለታል፤ ባገባ ጊዜም ደመወዝ የማይቀነስበት 3 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው። ይህ ሦስት ቀን ብዙውን ጊዜ በድግስና በመልስ ያልቃል፤ ነገር ግን መኖሩን እንኳ የማያውቁ አሉና ላገቡና ለሚያገቡ ሁሉ ይነገርልኝ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1064/2010 በመጀመሪያው ዓመት 20 የሥራ ቀን ተፈቅዶለት ነበር። የሚስት ዕረፍት ያነሰ ስለ ሆነ ቀኑን እርስዋ ትቁረጥ፤ ባል ይከተላታል። ከዓመት ዕረፍትዋ ሁለት ቀን ወስዳ ከእሑድ ጋር ብታያይዘው እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ ሦስት ቀን ይሆናል። ጥያቄዋንም ለክፍል ኀላፊዋ አስቀድማ በጽሑፍ ብታቀርብ መልካም ነው፤ ዕቃ በሚጫንበት ሰሞን በአፍ የተጠየቀ ዕረፍት አይገኝምና።

እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የአዲስ አበባ ሰው ገንዘቡን ይዞ ወደ ሐይቆቹ የሚወርደው ዓርብ ማታና ቅዳሜ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2014 የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ጉዞው አጭር ስለ ሆነለት ቁጥሩ በዝቷል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ይመለሳል፤ እሑድ ማታ አልጋው ባዶ ነው፤ ባለ ሆቴሉም በትሕትና ያነጋግራል። እነርሱ ሲወጡ እናንተ ግቡ። ቅዳሜ በሩ ላይ ቆሞ ዋጋ የተከራከረ ሰውና ሰኞ የተከራከረ ሰው አንድ ዐይነት መልስ አያገኙም።

አሁን ወደ ቦታው እንሂድ። ብዙ ሰው የጉዞን ርካሽነት በአልጋ ዋጋ ይለካዋል፤ እኔ ግን በእግር ነው የምለካው። ከመኪና ከወረዳችሁ በኋላ ውሃውም፣ ምግቡም፣ መኝታውም በእግር የሚደረስ ከሆነ ቦታው ርካሽ ነው። ለየአንዳንዱ ነገር መኪና የሚያስከራይ ቦታ ግን አልጋው በነጻ ቢሰጥ እንኳ ውድ ነው። ዋጋውን በብር ቈጥሬ የማልጽፍላችሁ መጽሔቱ እጃችሁ እስኪገባ ስለሚያረጅ ነው፤ ይህ መለኪያ ግን አያረጅም።

በዚህ መለኪያ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይወድቃል። ከአዳማ በመተሐራ መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሳላው አለ፤ የአዋሽ ፏፏቴ አለ። ዳሩ ግን አውሬ ባለበት ሜዳ በእግር መዞር ስለማይገባ መኪና ያስፈልጋል። አንድ መኪና ለአሥር ሰው ሲሆን ደስ የሚል የመሥሪያ ቤት ጉዞ ነው፤ ለሁለት ሰው ሲሆን ግን ዕዳ ነው። ላንጋኖም ከዚሁ ወገን ነው። ውሃው ደፍረስ ያለ ቡናማ ቢሆንም ለዋና የታወቀ ሐይቅ ነው፤ ማረፊያዎቹ ግን ከዋናው መንገድ ገባ ብለው የተሠሩ ስለ ሆኑ፣ አንዴ ከገባችሁ ቁርሱንም፣ ምሳውንም፣ ራቱንም የምትበሉት እዚያው በእነርሱ ዋጋ ነው። ጐረቤት ምግብ ቤት የሌለው ሆቴል ዋጋ ቀንሶ አያውቅም።

ድሬዳዋስ? የሚል ይኖራል። የቀድሞው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ አዳማን ከድሬዳዋ ያገናኘው ባቡር ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርም በዚሁ አቅጣጫ ይሄዳል። ባቡር ለሁለት ሰው የሚስማማ ነገር ነው፤ መስኮት አለው፤ ወሬ ያስወራል። ይሁን እንጂ አዲሶቹ ጣቢያዎች ከከተማ ውጭ ስለ ሆኑ በሁለቱም በኩል ሌላ መሳፈሪያ ይጨመራል፤ ከሦስቱ ቀኖችም ሁለቱ በመሄድና በመመለስ ያልቃሉ። ድሬዳዋን ከሐረር ጋር አንድ ሳምንት ላላችሁ ጊዜ አቆዩአት።

እንግዲህ የቀሩት ቅርቦቹ ናቸው። ለአንድ ቀን ብቻ የሚወጣ ሰው ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለውን ሶደሬን አይዝለል። ፍል ውሃው ቆሞ ለዋለ እግር መድኃኒት ነው፤ አዳር ሳይኖር ጧት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ዝንጀሮና ጦጣው ግን ምሳችሁን ከእናንተ በፊት ስለሚያየው ተጠንቀቁ፤ አዋሽ ወንዝም አዞ ስላለበት ለመታጠብ አይታሰብ። ሙቀት የሰለቸው ደግሞ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ አሰላ ቢያድር ብርድ ልብስ ይናፍቀዋል፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የሮጠበትን አየር ተንፍሶ መመለስም ቀላል ነገር አይደለም።

ቢሾፍቱ ቅርብ ናት፤ ከአዳማ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱ፣ ኩሪፍቱ እያሉ ሐይቆችዋን መቍጠር ደስ ይላል። ነገር ግን የሐይቆቹን ዳር አብዛኛውን ሆቴሎችና መዝናኛዎች ስለ ያዙት፣ ውሃውን በወንበር ተቀምጦ ለማየት ቢያንስ የአንድ ለስላሳ ዋጋ ይከፈላል፤ አንዳንዱ ቦታ በመግቢያው ላይም ያስከፍላል። ሰኞና ማክሰኞ ከሆነ እሺ፤ ቅዳሜ ከሆነ ግን ቢሾፍቱ ለእኛ ኪስ አይደለችም። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ በሆራ አርሰዲ የሚከበረው ኢሬቻ ሰሞን ደግሞ በዓሉን ለማክበር ካልሆነ አልጋ ፍለጋ አትሂዱ።

ለሁለት ቀን እኔ የምመርጠው ባቱን ነው፤ ብዙዎች እስከ ዛሬ ዝዋይ የሚሉዋትን ማለቴ ነው። ከአዳማ ወደ ሞጆ ወርዶ መኪና ቀይሮ ወይም በቀጥታ የሚሄድ ካለ በእርሱ ተሳፍሮ፣ በጠቅላላው 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማዋ ሜዳ ላይ ስለ ሆነች ከመናኸሪያ እስከ ሐይቁ ዳር በእግር፣ ቢሰለች በባጃጅ ይደረሳል። ዳሩ ላይ አሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲፈቱ፣ አባ ኮዳና ይብራ ውርወራውን ሲጠባበቁ ማየት ያለ ክፍያ ነው። ቆሮሶው ተጠብሶ ሲቀርብ ከሁለት ሰው አይተርፍም፤ በሁዳዴ ግን አሣ ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋው ከፍ ይላል።

በሐይቁ ውስጥ አምስት ደሴቶች አሉ። ከሁሉ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ይባላል፤ የደብረ ጽዮን ገዳም ያለው በዚያ ነው። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም መጥታ በዚህ እንደ ተቀመጠች የሚነገር ትውፊት አለ፤ በደሴቶቹ የኖሩት የዛይ ሰዎችም የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ፈረንጅ ቬኒስን ለማየት የሚከፍለውን ገንዘብ ለሚያውቅ ሰው ይህ በአጠገባችን መኖሩ ሊያስደንቅ ይገባል። ጀልባው የሚከራየው በሰው ቍጥር ሳይሆን በሙሉው ስለ ሆነ ግን፣ ሁለት ብቻችሁን ከመከራየት በፊት ሌሎች ተጓዦች እስኪመጡ ጠብቃችሁ ተጋሩ። ጧት ሐይቁ ጸጥ ባለ ጊዜ ሂዱ፤ ተንሳፋፊ ሰደርያ ከሌለው ጀልባ ጋር ዋጋ አትነጋገሩ።

ከባቱ ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። ከከተማዋ አጠገብ ያሉት የአበባ እርሻዎች የሚያበቅሉት ጽጌረዳ በአውሮፕላን ተጭኖ ወደ ሆላንድ ይሄዳል። አበባው ያለ ቪዛ ጥያቄ አውሮፓ ይገባል፤ የኛ መዝገብ ያዥና ሚስቱ ባደገበት ከተማ ሻይ ይጠጣሉ። ማን የተሻለ እንደ ተዝናና እናንተ ፍረዱ፤ አበባው በሳምንቱ ይጠወልጋል።

ሦስት ቀን ሙሉ ላላቸው ግን ሐዋሳ ትበልጣለች። ከአዳማ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነች መንገዱ ግማሽ ቀን ይበላል፤ የሲዳማ ክልል መዲና የሆነችው ይህች ከተማ ግን በእግር ለሚሄድ ሰው የተሠራች ትመስላለች። መንገዶችዋ ሰፊና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ጥላ አላቸው። የሐይቁ ዳር ረጅም መሄጃ አለው፤ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው በኩል ማታ ማታ ከተማው ሁሉ ይወጣል፤ ለመቀመጥ የግድ መግዛት የለም። ጧት አሞራ ገደል ወርዶ የአሣውን ገበያ ማየት፣ አሣ ጠብሰው ከሚሸጡት ዘንድ ቁርስ መብላት፣ ጉሬዛው በዛፉ ላይ ሲዘል መሳቅ፣ ከዚያም አቅም ያለው ታቦር ተራራ ላይ ወጥቶ ሐይቁን ከላይ ማየት ይችላል። በሐዋሳም ሆነ በዝዋይ ሐይቅ ዳር ግን ለዋና አትግቡ፤ ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ መኖሩን ሐኪሞች ስላረጋገጡ ነው፤ ጉማሬም አለ።

ከተማን ስትመርጡ ከካርታው ይልቅ እርስ በርሳችሁ ተያዩ። የኛ መዝገብ ያዥ ሳምንቱን ተቀምጦ ስለሚውል ተራራ መውጣት ያምረዋል። ሚስቱ ቆማ ስለምትውል መቀመጥ ያምራታል። ባል «በድንገት ላስደስታት» ብሎ ብቻውን ያቀደው ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በዚህ ነው፤ እርሱ ዳገት ሲያሳያት እርስዋ ጫማዋን ታያለች። ገንዘቡም የሁለቱ ደመወዝ ስለ ሆነ ምርጫው የሁለቱ ይሁን። ሐዋሳን ያስቀደምሁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ እርስዋ ከሐይቁ ዳር ቁጭ ብላ ቡናዋን ስትጠጣ፣ እርሱ ያንኑ ዳር በእግሩ ሄዶ ይመለሳል፤ ማንም ማንን አልጎተተም።

«ሐዋሳ አክስት አለችኝ፤ ለምን ለአልጋ እከፍላለሁ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ወዳጄ፤ ዘመድ ጥየቃ የተቀደሰ ነገር ነው፤ ሽርሽር ግን አይደለም። ባዶ እጅ አይገባምና ስኳርና ቡና ይገዛል። ከገባችሁ በኋላ ቡናው ሦስት ጊዜ ይጠጣል፤ ጐረቤቱ «ሙሽሮቹን» ለማየት ይመጣል፤ ሚስት ከወጥ ቤት አትወጣም፤ ባል ከሽማግሌዎቹ ጋር ስለ አገር ጉዳይ ያወራል። ማታ ለእናንተ ሲባል ልጆቹ መሬት ይተኛሉ። ስትመለሱ ያወጣችሁት ገንዘብ ከአንድ መለስተኛ አልጋ ዋጋ ቢበልጥ አይግረማችሁ፤ ሁለታችሁ ግን አሁንም ብቻችሁን አልተነጋገራችሁም። አክስትን በመጨረሻው ቀን ለአንድ ሰዓት ሄዶ መሳም ይበቃል። «ለምን እኔ ዘንድ አላደራችሁም?» ብላ ብትቈጣ በእውነት ስለምትወዳችሁ ነው፤ ቍጣዋን ተቀበሉት።

ከዚህ የሚከብደው ግን የወላጆች ነገር ነው። ለእናቱ በየወሩ ገንዘብ የሚልክ ልጅ ለሽርሽር ብር ሲያወጣ ልቡ ይወቅሰዋል፤ ወሬው ገጠር በደረሰ ጊዜም «ተዝናኑ አሉ» መባል አይቀርም። በዚህ ላይ እኔ የምሰጠው ምክር አንድ ነው፤ የእናትን ድርሻ አስቀድማችሁ ላኩ፤ ለሽርሽሩ የሚሆነውን ግን ከሌላ ምንጭ አጠራቅሙ። ከሥራ ባልደረቦች ጋር የሚጣል ትንሽ ዕቁብ ለዚህ ተስማሚ ነው። ዕጣው ከጉዞው በፊት ካልደረሳችሁ ጉዞውን አስተላልፉት፤ ለሽርሽር ብድር አይወሰድም፤ በብድር የተጠበሰ አሣ አጥንቱ ጉሮሮ ይወጋል።

ገንዘቡ በእጅ ሲሆን የመመለሻውን መሳፈሪያ ለይታችሁ ሚስት ትያዘው። ከቀረው ላይ የመንገዱ ወጪ ከሦስት እጅ አንዱን ከበለጠ ቦታው ሩቅ ነውና ሐዋሳን በባቱ፣ ባቱንም በሶደሬ ለውጡ። አልጋ ስትይዙ ክፍሉን ሳታዩ አትክፈሉ፤ ውሃው መምጣቱን ቧንቧውን ከፍታችሁ ተመልከቱ፤ ቁርስ በዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑንም ጠይቁ። የመንግሥት ሠራተኞች አዳማን ከስብሰባና ከሥልጠና ጋር ስለምናውቃት ሆቴል ማለት አበል የሚከፍልልን ቤት ይመስለናል፤ ከራስ ኪስ ሲወጣ ግን የሻይዋም ዋጋ ይታያል።

መታወቂያችሁን ሁለታችሁም ያዙ፤ በመንገድ ላይ ፍተሻ አለ፤ ሆቴሉም ይመዘግባችኋል። ከመነሣታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሰላም ከመናኸሪያው ሹፌሮች ጠይቁ፤ ከማንም ይልቅ የዕለቱን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። «ዛሬ ቆዩ» ካሉ ቆዩ። በመሸ ጊዜ በምንም ምክንያት መንገድ አትጀምሩ፤ የሚቀር ሰዓት ካለ ከመመለሻው ይቀነስ። ሚስት ረቡዕ ጧት በፓርኩ በር መገኘት ስላለባት፣ ማክሰኞ ከሐዋሳ የምትመለሱ ከሆነ በጧቱ መኪና ተነሡ፤ ከባቱ ከሆነ ግን ምሳችሁን በልታችሁ ብትነሡም ሳይጨልም አዳማ ትገባላችሁ።